ሰማዩን በጆሮ መማር

ኮተቤ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ቆሞ ወደ ሰሜን ያየ ሰው የእንጦጦ ሰንሰለት ባሕር ዛፉን ለብሶ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ፊቱን ወደ ደቡብ ሲመልስ ደግሞ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን እያጓራ ሽቅብ ሲወጣ ያያል። ከቦሌ ማኮብኮቢያ እስከ እንጦጦ አናት በአየር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር አካባቢ ላይ ሲገኝ፣ ተራራው እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ቀጭን አየር፣ ቅርብ ተራራ፣ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ የአውሮፕላን ምልልስ፤ ስለ በረራ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ለእኔ የለም።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር በኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር እንለማመዳለን። መጀመሪያ ያመጣሁት ስለ አየር ግፊትና ስለ ክንፍ ላስረዳበት ነበር። ልጆቹን ከሁሉ የበለጠ ሲቀይራቸው ያየሁት ግን ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ጋር መነጋገርን መማራቸው ነው። ሲሙሌተር ከፍቶ ብቻውን የሚያበር ወጣት በየሰፈሩ አለ። ማይክ ሰክቶ፣ አዳምጦ፣ የሰማውን መልሶ ተናግሮ የሚያበር ግን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያ ቁጥር እንዲበዛ ስለምፈልግ ነው።

ዝም ያለ ሰማይ

የቤት ኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ረጅም ታሪክ አለው። ብሩስ አርትዊክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለአፕል 2 ኮምፒውተር የሠራው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ወጣ። ማይክሮሶፍት ሥራውን ይዞ በ1982 የመጀመሪያውን ፍላይት ሲሙሌተር ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ከማይክሮሶፍቱ ሌላ ኤክስ-ፕሌን አለ። ለእኛ ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚስማማው ደግሞ ፍላይትጊር ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ፣ ያለ ክፍያ የሚወርድ፣ መለስተኛ ኮምፒውተር ላይም የሚሠራ ፕሮግራም ነውና።

ፍላይትጊር ላይ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ በግምት የተሣለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የአብዛኛውን የምድር ክፍል ከፍታ በራዳር ለክታለች። የሲሙሌተሩ ተራሮች ከዚያ ልኬት የተገኙ ናቸው። ተማሪዎቼ የየካን ኮረብታና የእንጦጦን ጀርባ ስክሪን ላይ ሲያዩ ያውቁታል። «ቲቸር፣ ይሄ'ኮ የኛ ሰፈር ዳገት ነው» ይሉኛል።

ሰማዩ ግን ዝም ያለ ነው። ልጁ ሲፈልግ ይነሣል፣ ሲፈልግ ይዞራል፣ በፈለገው ከፍታ ያልፋል፤ የሚጠይቀው የለም። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ሰማይ ትልልቅ ማረፊያዎች አካባቢ አይገኝም። ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ሞተሩን ከማስነሣቱ ጀምሮ መዳረሻው ላይ ሞተር እስኪያጠፋ ድረስ ከአንድ ተቆጣጣሪ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይጓዛል። ያንን ንግግር የማያውቅ ሰው መሪ መያዝን እንጂ በረራን ገና አልተማረም ብዬ አምናለሁ።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

የተቆጣጣሪውን ድምፅ ወደ ሲሙሌተር የሚያመጡ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ከሲሙሌተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ማይክሮሶፍት ከአብራሪው ጋር የሚነጋገር ተቆጣጣሪ ያስገባው ፍላይት ሲሙሌተር 2002 በተባለው ዕትም ነበር። አብራሪው ከተዘረዘሩት መልሶች አንዱን ይመርጣል፤ ኮምፒውተሩ ይናገርለታል። ለጀማሪ የንግግሩን ቅደም ተከተል ያሳያል። ጉድለቱ አብራሪው አፉን አለመክፈቱ ነው።

ሁለተኛው የሰውን ንግግር የሚሰማ ፕሮግራም ነው። ፓይለት ቱ ኤቲሲ እና ቢዮንድ ኤቲሲ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። አብራሪው በማይክ ይናገራል፤ ፕሮግራሙ ሰምቶ ይመልሳል። ኮምፒውተር ስለሆነ አይሰለችም፤ ሰው ፊት መናገር ለሚፈራ ልጅ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የላቀው ነው፤ ሰው ለሰው መነጋገር። አይቫኦ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ቫትሲም ደግሞ በ2001 የተመሠረቱ የበጎ ፈቃደኞች መረቦች ናቸው። አባልነቱ በነፃ ነው። አብራሪው ቤቱ ሆኖ ሲሙሌተሩን እንደ ቪፓይለት ወይም ኤክስፓይለት ባለ ትንሽ ፕሮግራም ከመረቡ ጋር ያገናኛል። ተቆጣጣሪ የሆነው ሌላው አባል፣ ምናልባት በሌላ አህጉር፣ ዩሮስኮፕ ወይም ኦሮራ በሚባል ፕሮግራም የራዳር ስክሪን ከፍቶ ያንን አውሮፕላን ያያል። ሁለቱ የሚነጋገሩት በኢንተርኔት እንጂ በሬዲዮ ሞገድ አይደለም። ቢሆንም ድምፁ ሬዲዮ ይመስላል፤ ርቀት ሲጨምር ይደክማል፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ተደበላልቆ ይጮኻል። የአየሩ ሁኔታም የዕለቱ እውነተኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዝናብ ሲጥል መረቡ ላይም ነፋሱና ደመናው ከዚያው የአየር ዘገባ ይወሰዳል።

መረቡ ላይ ማረፊያዎች የሚጠሩት በስማቸው ሳይሆን የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በሰጣቸው አራት ፊደል ነው። ቦሌ ሆቴል-አልፋ-አልፋ-ብራቮ ነው፤ ባሕር ዳር ሆቴል-አልፋ-ብራቮ-ዴልታ። ሰዓቱም የአቪዬሽን ሰዓት ነው፤ አብራሪዎች «ዙሉ» የሚሉት። ለተማሪዎቼ ቀላል ስሌት አስይዣቸዋለሁ፦ በእኛ አቆጣጠር በቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፣ በሌሊት ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፤ ድምሩ 24 ከደረሰ 24 ቀንሱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 06 ዙሉ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ 17 ዙሉ።

ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር

ንግግሩ እንዴት እንደሚሄድ በአንድ በረራ ላሳይ። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በአየር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኪው 400 የተባለችውን ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ይዘን ቦሌ ቆመናል እንበል።

መጀመሪያ የጉዞ ፈቃድ እንጠይቃለን። ተቆጣጣሪው የምንሄድበትን ቦታ፣ መስመሩን፣ መጀመሪያ የምንወጣበትን ከፍታና አራት አኃዝ ያለው የትራንስፖንደር ቁጥር ይሰጠናል። ትራንስፖንደር ራዳሩ ሲጠይቀው ማንነታችንን የሚመልስ መሣሪያ ነው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 7 ባሉ አኃዞች ብቻ ስለሚጻፍ በጠቅላላው 4,096 ቁጥሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ ሦስቱ ለችግር የተጠበቁ ናቸው፦ 7500 ለጠለፋ፣ 7600 ሬዲዮ ለጠፋበት፣ 7700 ለአደጋ። ፈቃዱን እንደሰማን ቃል በቃል መልሰን እንናገራለን። ተቆጣጣሪው የሰማነው ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ይህ ክፍል ያበቃል።

ቀጥሎ «ግራውንድ» የሚባለው ተቆጣጣሪ ይረከበናል። በየትኞቹ ታክሲዌዮች አድርገን ወደ ማኮብኮቢያው እንደምንሄድ ይነግረናል። ቦሌ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ማኮብኮቢያዎች አሉት። አቅጣጫቸው በኮምፓስ 70 ዲግሪ ስለሆነ ወደ ምሥራቅ ሲታዩ 07 ይባላሉ፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሲታዩ 250 ዲግሪ ስለሚሆን 25። ሁለት በመሆናቸው ደግሞ ቀኝና ግራ ይጨመርባቸዋል። «ሆልድ ሾርት ራንዌይ ዜሮ ሰቨን ራይት» ከተባልን ከማኮብኮቢያው በፊት ካለው መስመር አናልፍም። በምድር ላይ ከሚሰጡ ትእዛዞች ሁሉ ይህ ከባዱ ነው። ይህችን መስመር ያለ ፈቃድ ያለፈ አውሮፕላን ለማረፍ በሚመጣው ወይም ለመነሣት በሚሮጠው ፊት ይቆማል።

ከዚያ «ታወር» ይቀበለናል። «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» ሲለን ማኮብኮቢያው ላይ ገብተን እንጠብቃለን። «ክሊርድ ፎር ቴክኦፍ» ሲለን ብቻ እንነሣለን። ተነሥተን አየር ላይ ስንረጋ ወደ «አፕሮች»፣ ከዚያ ሰፊውን የአገሪቱን ሰማይ ወደሚይዘው «አዲስ ኮንትሮል» እንተላለፋለን። ወደ ግራ ታጥፈን የካን ቁልቁል እያየን፣ እንጦጦን ወደኋላ ትተን፣ የዓባይን ሸለቆ ተሻግረን ወደ ጣና እንወርዳለን። ባሕር ዳር ስንደርስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ በሚገባ ለማድረግ ጥቂት ሳምንታት ይፈጅበታል። እጁ ቶሎ ይለምዳል። የሚዘገየው ጆሮው ነው።

«እሺ» አይበቃም

ልጆቻችንን የምናሳድገው «እሺ» እያስባልን ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር «እሺ» ማለት ጨዋነት ነው። ያልገባንን «አልገባኝም» ማለት ግን ይከብደናል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ማይክ ሲይዙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ተቆጣጣሪው ረጅም መመሪያ ይሰጣል፤ ልጁ ግማሹን ሰምቶ «ሮጀር» ይላል። «ሮጀር» ማለት የተናገርከው ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው። ምን እንደደረሰው አይገልጽም።

ስለዚህ የአቪዬሽን ሕግ መመሪያው ተመልሶ እንዲነገር ያስገድዳል። የጉዞ ፈቃድ፣ ማኮብኮቢያ ላይ መግባትና መቆም፣ መነሣትና ማረፍ፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ የአልቲሜትር ቁጥር፣ የትራንስፖንደር ቁጥር፤ እነዚህ ሁሉ ቃል በቃል ይመለሳሉ። እናት ልጇን ሱቅ ስትልክ «ምን ግዛ አልኩህ?» ብላ አስደግማው ነው የምትሰደው፤ የአብራሪውና የተቆጣጣሪው ሥርዓትም በዚሁ ጥበብ ላይ የቆመ ነው። ተቆጣጣሪው የተመለሰለትን ማዳመጥ ግዴታው ነው፤ ስሕተት ከሰማ ወዲያው ያርማል።

ይህ ሥርዓት በደም የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች ቴኔሪፍ ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬኤልኤሙ አውሮፕላን የደረሰው የጉዞ መስመር ፈቃድ እንጂ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም። ፈቃዱን መልሶ ሲናገር በመነሣት ላይ እንደሆነ የሚያስመስል ቃል ጨመረ። ተቆጣጣሪው መልሱን የጀመረው «ኦኬ» ብሎ ነው። ቀጥሎ እንዲጠብቅ ቢነግረውም፣ በዚያው ቅጽበት የፓን አሙ አውሮፕላን ሲናገር ሁለቱ ድምፆች ተደበላለቁ፤ ከመልሱ ጥርት ብሎ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ አይነገርም። ከዚያ በፊት ስለ መነሣት ለማውራት «ዲፓርቸር» ይባላል። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ቃላት የሚለዋውጡት በጥንቃቄ ነው።

ሌላው የማስተምረው እ.ኤ.አ. በጥር 1990 ኒው ዮርክ አቅራቢያ የወደቀውን የኮሎምቢያ አየር መንገድ የአቪያንካ በረራ 52 ነው። አውሮፕላኑ ረጅም ጊዜ አየር ላይ ሲጠብቅ ነዳጁ አለቀ፤ 73 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረዋል፤ አደጋ ላይ መሆናቸውን የሚያውጀውን ቃል ግን አልተናገሩም። ተቆጣጣሪዎቹም ከሌሎቹ አላስቀደሟቸውም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተወሰኑ ቃላት አሉ፦ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን «ሜይዴይ»፣ አስቸኳይ ግን ከዚያ ዝቅ ያለ ችግር ሲሆን «ፓን ፓን»፤ ሁለቱም ሦስት ጊዜ ይደጋገማሉ። አፍሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ችግርን ማለሳለስ እዚህ ይገድላል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በስድስት ደረጃ ከተከፈለው የእንግሊዝኛ ብቃት ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟሉ ደንግጓል። መመዘኛው የፈረንጅ አነጋገር አይደለም። ደረጃ አራት ያለው ሰው የራሱ ቋንቋ ዘዬ ሊኖርበት ይችላል፤ የሚፈለገው ንግግሩ ለሌላው እንዲገባ፣ የሌላውም ለእርሱ እንዲገባው፣ ካልገባው ደግሞ እንዲጠይቅ ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ትከሻቸው ይላላል። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። «ሰይ አጌን» ብሎ ያስደገመ ልጅ በእኔ ክፍል ውስጥ ይመሰገናል።

እንጦጦን የሚያይ ማነው?

ፊዚክሴ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አልቲሜትር ከፍታን የሚለካው የአየርን ግፊት አይቶ ነው። ቦሌ ላይ ያለው ግፊት 770 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ። ግፊቱ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ተቆጣጣሪው የዕለቱን የማስተካከያ ቁጥር ይሰጣል፤ «ኪው ኤን ኤች» ይባላል። አብራሪው ያንን ሲሞላ አልቲሜትሩ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ያሳያል፤ ቦሌ መሬት ላይ ቆሞ 7,600 ጫማ ያህል ያነባል።

አሁን ተቆጣጣሪው 1014 ብሎ አብራሪው 1024 ሰማ እንበል። አሥር ሄክቶፓስካል 270 ጫማ ያህል ነው፤ ከ80 ሜትር በላይ። አልቲሜትሩ ከእውነቱ በዚያ ያህል ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። አብራሪው ከተራራው በላይ ነኝ ብሎ የሚያምነው ቦታ ላይ ያን ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቁጥሩን መልሶ ቢናገር ኖሮ ተቆጣጣሪው ያርመው ነበር። ቁጥሮችም ለዚህ ሲባል በአንድ ወጥ አነጋገር ይነገራሉ፦ ሦስት «ትሪ»፣ አምስት «ፋይፍ»፣ ዘጠኝ «ናይነር»። በጫጫታ መሐል አምስትና ዘጠኝ እንዳይምታቱ ነው።

ከዚያ ተማሪዎቼን ሴስና 172 አስይዤ ከቦሌ ቀጥ ብለው ወደ እንጦጦ እንዲበሩ አዛለሁ፤ ከመነሣታቸው በፊት ግን በወረቀት እንዲያሰሉ። ይህች ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ባሕር ጠረፍ ላይ በደቂቃ 700 ጫማ ገደማ ትወጣለች። ቦሌ ከፍታ ላይ፣ ሞቅ ባለ ቀን፣ ወደ 400 ትወርዳለች፤ ሞተሩም ፕሮፔለሩም ክንፉም ቀጭን አየር ስለሚያገኙ። እየወጣች በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ 13 ኪሎ ሜትሩን በአምስት ደቂቃ ትጨርሳለች። በአምስት ደቂቃ 2,000 ጫማ ወጣች። ተራራው ከማኮብኮቢያው 2,850 ጫማ ገደማ ከፍ ይላል። ቁጥሮቹ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ተቆጣጣሪው በዚያ አቅጣጫ እንድትሄድ ቢያዝህስ? መልሱ «አንኤብል» ነው፤ አልችልም ማለት። አብራሪው ማድረግ የማይችለውን ትእዛዝ እንዲቀበል አይጠበቅበትም። «አልችልም፤ ከፍታ እስክይዝ እዚሁ ልዙር» ይላል፤ ተቆጣጣሪውም ሌላ መንገድ ይፈልግለታል። በመሣሪያ ለሚበሩት ደግሞ በካርታው ላይ ዝቅተኛ አስተማማኝ ከፍታ ተጽፎላቸዋል። 46 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ውስጥ ካለው ከማንኛውም ተራራ ወይም ግንብ ቢያንስ 1,000 ጫማ ከፍ የሚያደርግ ቁጥር ነው። ሲሙሌተር ውስጥ የተሠሩ አንዳንድ ተቆጣጣሪዎች ተራራ ሳያዩ ትእዛዝ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ካርታውን አጠገባችሁ አድርጉ፣ ከዚያ ቁጥር በታች ከተባላችሁ ጠይቁ የምላቸው። ታላቅን መታዘዝ ተምረው ላደጉ ልጆች ምክንያትን ይዞ፣ በአክብሮት፣ «አልችልም» ማለት አዲስ ትምህርት ነው።

ከማማው በኩል

አብራሪነትን የተለማመደ ልጅ ቀጥሎ ወንበር ይቀይራል፤ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ለዚህ የምንጠቀመው ኤቲሲ-ፓይ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ያለ ኢንተርኔት ብቻን መለማመድ ያስችላል፤ ዳታ ለሚወደድበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ኮምፒውተሩን ትተን በወረቀት እንጫወታለን፤ አንዱ ተቆጣጣሪ፣ ሌሎቹ አብራሪዎች ሆነው በቃል እየተጠራሩ።

ተቆጣጣሪ የሚያስበው በርቀትና በከፍታ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች ወይ በከፍታ 1,000 ጫማ ይለያያሉ፣ ወይ በራዳር ላይ በጎን፤ በተለመደው 5 የባሕር ማይል፣ ማረፊያ አካባቢ 3። ሦስት አውሮፕላን ሲሆን ቀላል ነው። ስምንት ሲሆን ልጁን ላብ ያጠምቀዋል። ቦሌ ደግሞ የማዕበል ማረፊያ ነው፤ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የመጡት ማለዳ ላይ ተከታትለው ይገባሉ፣ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ረፋዱ ላይ ይወጣሉ፣ ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ልጆቹ የዚያን ማዕበል ትንሽ ክፍል ይዘው ሲሠሩ እያንዳንዱ ትርፍ ቃል ጊዜ እንደሚበላ ይገባቸዋል። ረጅም ወሬ የሚወድ ተማሪዬ ዛሬ መልእክቱን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፦ ማንን ነው የምጠራው፣ ማን ነኝ፣ የት ነኝ፣ ምን ፈለግሁ።

ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደሚመስልም ከራሳችን ሰማይ እንማራለን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2022 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 343 ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ጋር ለጊዜው ግንኙነቱ እንደተቋረጠ፣ ግንኙነቱ ከተመለሰ በኋላም በሰላም እንዳረፈ አየር መንገዱ በመግለጫው አሳውቋል። እኛም ይህንኑ እንለማመዳለን፦ ተቆጣጣሪው ደጋግሞ ይጠራል፣ በአደጋ ሞገዱ በ121.5 ይሞክራል፣ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ከመንገዱ ያርቃል።

ሴት ተማሪዎቼን በተለይ ወደዚህ ወንበር እጋብዛለሁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአብራሪዎቹ እስከ ምድር አገልግሎቱ በሴቶች ብቻ የተከናወነ በረራ ወደ ባንኮክ ሲልክ፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥሩም በሴቶች የተሠራ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወንበሩ የማን እንደሆነ አይጠይቁም።

ለመጀመር

ፍላይትጊርን አውርዱ። መሪ መያዣ ጆይስቲክ ካልተገኘ በኪቦርድና በማውስ ይጀመራል። ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ግን ግዙ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። የፊደል መጥሪያውን፣ አልፋ ብራቮ ቻርሊን፣ እስከ ዙሉ በቃላችሁ ያዙ። መጀመሪያ በወረቀት፣ ከጓደኛ ጋር፣ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ። ከዚያ ወደ መረቦቹ ስትገቡ አጭር የመግቢያ ፈተና አለ፤ እርሱን አልፋችሁ ጸጥ ያለ ማረፊያ ምረጡ። መናገር ያስፈራው በጽሑፍ መልስ መስጠት ይፈቀድለታል። አዲስ መሆናችሁን ንገሯቸው፤ ቀስ ብለው ያነጋግሯችኋል።

ሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። በኢንተርኔት የሚደረገውን ወደ እውነተኛ ሬዲዮ አታምጡት፤ የአቪዬሽን ሞገድ ላይ ያለ ፈቃድ መናገር የሰው ሕይወት ላይ መጫወት ነው። ደግሞም ሲሙሌተር ፈቃድ አይሆንም። አብራሪነት በአቪዬሽን ትምህርት ቤት፣ ተቆጣጣሪነት ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በሚያውቀው ሥልጠና የሚገኝ ሙያ ነው። ሲሙሌተሩ የሚሰጠው ልጁ ያንን በር ሲያንኳኳ ቋንቋውን ይዞ እንዲቀርብ ነው።

በቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ያንን ሰማይ የሚይዙ ጆሮዎች ዛሬ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ የየካ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤት አንድ ክፍልና ጥቂት አሮጌ ኮምፒውተር አያጣም። በዚህ ሙያ ያላችሁ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎችም በየሰፈራችን አላችሁ፤ በሲኤምሲ፣ በአያት፣ በገርጂ። በወር አንድ ቅዳሜ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ብትመጡ፣ አንድ ልጅ በእናንተ ፊት «ሰይ አጌን» ማለትን ቢደፍር፣ የሰማውን መልሶ ቢናገር፣ ያልቻለውን «አልችልም» ቢል፣ ያ ልጅ አብራሪ ባይሆን እንኳ ሐኪም ቤትም፣ ፋብሪካም፣ ቢሮም ሲገባ ያልገባውን ትእዛዝ «እሺ» ብሎ አያልፍም። እንዲህ ያለ ክበብ በየትምህርት ቤቱ እንክፈት፤ እኔ ጋ ያለውን የትምህርት ወረቀት ለሚጠይቅ መምህር ሁሉ አባዝቼ እሰጣለሁ።